የመጸዳጃ ጉድጓድ አጠቃቀምና አያያዝ በሠፈራ መንደር

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ ወደ አዲስ መንደር የሚገባ ቤተሰብ በቅድሚያ የሚጨነቀው ስለ እህል፣ ስለ ውሃና ስለ መጠለያ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከነዚህ ከሦስቱ ጋር እኩል አሳሳቢ ሆኖ ሳለ በስብሰባም ሆነ በሪፖርት ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚነሣ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማይነሣ አራተኛ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የዓይነ ምድር አወጋገድ ነው። ስለዚህ ነገር በአደባባይ መናገር በባህላችን እንደ ነውር ስለሚቆጠር አባወራው ከቤተሰቡ ጋር፣ የመንደሩ ኮሚቴም ከነዋሪው ጋር በግልጽ አይወያይበትም። በዝምታው የሚጎዳው ግን በመጀመሪያ ሕፃኑ ነው። በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በባቲና በመቀሌ መጠለያዎች ከተሰበሰበው ወገናችን መካከል ሕይወቱን ያጣው ሁሉ በረሃብ ብቻ የሞተ አልነበረም፤ ረሃብ ያደከመውን ሰውነት አግኝተው የጨረሱት ተቅማጥ፣ ኩፍኝና ተስቦ ነበሩ።

በደጋው አገር አርሶ አደሩ ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ በተበታተነ አኗኗር በሚኖርበት ጊዜ ወደ ጓሮ ወይም ወደ ቁጥቋጦ መውጣቱ የሚያስከትለው ጉዳት ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ውሻ ያነሣዋል፣ የቀረውን ማረሻ ይገለብጠዋል። በሠፈራ መንደር ግን ብዙ መቶ ቤቶች በረድፍ ተጠጋግተው ይሠራሉ፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ወይም ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ይቀዳሉ፤ ሕፃናቱም በአንድ ሜዳ ይጫወታሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች፣ ከፊሉም ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ወለጋ ሲጓጓዙ ይዘውት የሄዱት ልማድ የደጋ ልማድ ነበር። ያረፉበት መሬት፣ ሙቀቱ፣ የዝናቡ መጠንና የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን ሌላ ነበር።

ድርቅ ራሱ ይህን ችግር ያባብሰዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ሰውም ከብትም ባልደረቁት ጥቂት ኩሬዎችና ጉድጓዶች ዙሪያ ተከማቸ። ውሃ ሲያንስ እጅ መታጠብ ይቀራል፤ ሰው ሲከማች ሜዳው ይቆሽሻል፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ በሜዳው የነበረው ሁሉ ታጥቦ ወደ ኩሬው ይወርዳል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ በኋላ ወደ ሌሎች አካባቢዎች መዛመቱ ይታወሳል። ድርቅና ጎርፍ ተቃራኒ መስለው ቢታዩም በዚህ ረገድ ሥራቸው አንድ ነው።

አገራችን በዚህ ዘርፍ ምንም አልሠራችም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ ቁጥር ወደ 29 ዝቅ ብሏል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምና በየቀበሌው የተመደቡት ሴት ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስቆፈሩት ጉድጓድ ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ነገር ግን የተቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ በሥራ ላይ አይደለም። አንዱ ክረምት ሳያልፍ ይደረመሳል፤ ሌላው ያለጊዜው ይሞላል፤ ሦስተኛው ሽታው አላስቀርብ ብሎ ይተዋል። ስለሆነም የዛሬው ዋነኛ ጉዳይ ከመቆፈር ይልቅ የተቆፈረውን በአግባቡ መያዝ ነው፤ ይህም ጽሑፍ ስለዚሁ ነው።

ጉድጓዱ ሥራውን የሚሠራው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የመጸዳጃ ጉድጓድን እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ያየዋል፤ ይጨመርበታል፣ ሲሞላ ያልቃል። ይህ አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ያለማቋረጥ ይካሄዳሉ። አንደኛው፣ ፈሳሹ በጎንና በግርጌ በኩል ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይሠርጋል። ሁለተኛው፣ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ጠጣሩን እየበሉ ያብላሉታል፤ ሲብላላም መጠኑ እጅግ ይቀንሳል። አንድ ሰው በዓመት ከሚያስወግደው ውስጥ በደረቅ ጉድጓድ ግርጌ ተጠራቅሞ የሚቀረው በግምት 60 ሊትር ብቻ ነው። ነገር ግን ለመጥረጊያ ድንጋይ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ጨርቅ ወይም ሌላ በቀላሉ የማይበሰብስ ነገር የሚጣልበት ጉድጓድ ከሆነ ይኸው መጠን ወደ 90 ሊትር ከፍ ይላል።

ይህ ልዩነት በሥራ ላይ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት እንመልከት። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ ቆፈረ እንበል። ከላይ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ መተው ስላለበት በሥራ ላይ የሚውለው ክፍል 2 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በአግባቡ ከተያዘ 5 ዓመት ከ5 ወር ያህል ያገለግላል። ድንጋይና ጨርቅ የሚጣልበት ከሆነ ግን በ3 ዓመት ከ7 ወር ይሞላል። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ የጠፋው በመቆፈር ጉድለት አይደለም፤ በአጣጣል ጉድለት ነው። ሦስት ሜትር በዶማና በአካፋ የቆፈረ ሰው የሁለት ዓመቱን ትርጉም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ወደ ጉድጓዱ የማይገቡ ነገሮች

ስለዚህ በመጀመሪያ መከልከል ያለበት የማይበሰብስ ነገር ነው። ፌስታል፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ያረጀ ጫማ፣ ቆርቆሮ፣ እነዚህ ሁሉ በየመንደሩ ጉድጓድ ውስጥ ይገኛሉ፤ ምክንያቱም ጉድጓዱ ለቆሻሻ ሁሉ መደበቂያ የሚመች ይመስላል። ለነዚህ ከመጸዳጃው ራቅ ያለ ሌላ አነስተኛ ጉድጓድ መቆፈር ይገባል። ሴቶች ለወር አበባ የሚጠቀሙበት ጨርቅም ሆነ ከሱቅ የሚገዛው ሞዴስ ወደ ጉድጓዱ መጣል የለበትም። ይህ እንዲሆን ግን ሴቶቹ ያለ ኀፍረት የሚጥሉበት ወይም የሚያቃጥሉበት የተከለለ ሥፍራ በቅድሚያ ሊዘጋጅላቸው ያስፈልጋል። ሥፍራውን ሳያዘጋጁ መከልከል ትርጉም የለውም፤ የጋራ መጸዳጃ ሲሠራም ኮሚቴዎቹ አዘውትረው የሚረሱት ይህንኑ ነው።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ ከፍሳሽ መሥመር ዝቅ ባለ ቦታ የተሠሩ አንዳንድ መኖሪያ ቤቶች የመጸዳጃቸውን ፍሳሽ ፈጭቶ በቀጭን ቧንቧ ወደ ላይ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በግቢያቸው ተቀብሮላቸዋል። የብረት ስለት ያለው ይህ መሣሪያም ቢሆን ጨርቅ፣ ሞዴስና የረጋ ስብ ሲገባበት ይታነቃል፤ ለባለቤቶቹ የሚሰጣቸው ምክርም እኛ እዚህ ከምንለው እምብዛም የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የነርሱ ፓምፕ በቆመበት ቀን ፍሳሹ ወደ ቤት ሲመለስ ጥፋቱ ወዲያው መታወቁ ነው። የኛ ጉድጓድ ግን ሳይናገር ዓመታቱን እያጣ ይሄዳል።

ለመጥረጊያ የሚሻለው ውሃ፣ ወረቀት ወይም ለስላሳ ቅጠል ነው። በድንጋይ መጠቀም የለመደ ሰው ልማዱን በአንድ ቀን ስለማይተው ያገለገለው ድንጋይ በክዳን ባለው አሮጌ ዕቃ ተጠራቅሞ ቢቀበር ይሻላል።

በረኪናና ሌላ የጀርም መግደያ መድኃኒት ወደ ጉድጓድ መጨመር ጠቃሚ ይመስላል፤ ግን ጎጂ ነው። ዓይነ ምድሩን የሚያብላሉትን ተሐዋስያን ስለሚገድል ጉድጓዱ ሥራውን ያቆማል፣ ሽታውም ይብሳል። በረኪና የወለል ማጠቢያ እንጂ የጉድጓድ መድኃኒት አይደለም። ኮሌራ በገባበት ጊዜ ግን የጤና ባለሙያ የሚያዝዘው ኖራና ክሎሪን የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ትእዛዙ ያለ ክርክር ይፈጸም። ቢምቢ ለመግደል ተብሎ ጋዝ ወይም ቤንዚን ማፍሰስ እሳት ሊያስነሣና የከርሰ ምድሩን ውሃ ሊበክል ስለሚችል ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። አመድ ግን ወዳጅ ነው። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አንድ እፍኝ አመድ ቢነሰነስ እርጥበቱን ይመጣል፣ ሽታውን ይቀንሳል፣ ዝንቡን ያርቃል። እፍኝ መባሉ ይታሰብበት፤ በአካፋ የሚጨምር ሰው ጉድጓዱን በአመድ ይሞላዋል።

የልብስ እጣቢና የዝናብ ውሃ ወደ ጉድጓዱ መግባት የለባቸውም። አፈሩ መምጠጥ ከሚችለው በላይ ፈሳሽ ከገባ ጉድጓዱ ወደ ረግረግ ይለወጣል፤ ሽታው ይከብዳል፤ በቆላማ አካባቢ ደግሞ ቢምቢ ይፈለፈልበታል። በእንዲህ ያለው ቆሻሻ ውሃ የሚራባው ቢምቢ ወባን የሚያስተላልፈው ዓይነት ባይሆንም ሌሊቱን ሙሉ የሚነደፍ ቤተሰብ ይህ ማስረዳት አያጽናናውም።

ቦታ፣ አፈርና የከርሰ ምድር ውሃ

ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የአገሩን ነባር ነዋሪ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ሰፋሪው መሬቱን የሚያውቀው በደረሰበት ወር ነው፤ ነባሩ ግን በነሐሴ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በየካቲት ሦስት ሜትር ተቆፍሮ ደረቅ ሆኖ የተገኘ ጉድጓድ በነሐሴ እስከ ግማሹ በውሃ ሊሞላ ይችላል። የጉድጓዱ ግርጌ የከርሰ ምድሩ ውሃ በክረምት ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። እንደ ባሮ ወንዝ ዳርቻ ባሉ ውሃው ቅርብ በሆነባቸው ሜዳማ ቦታዎች ወደ ታች ጥልቅ አድርጎ መቆፈር አይቻልም። እንዲህ ባለው ሥፍራ ያለው አማራጭ ጥቂት ቆፍሮ ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በጡብ ከመሬት በላይ ከፍ አድርጎ መገንባት፣ ውጪውንም በአፈር መደልደል ነው። ደረጃ ወጥቶ መጠቀም ያስፈልግ ይሆናል፤ ለሽማግሌዎች መደገፊያ እንጨት ይሠራላቸው።

ከውሃ ጉድጓድ፣ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከተቻለም ከነርሱ በታች ባለው ተዳፋት በኩል መሆን ይገባዋል። ይህ ርቀት የተተመነው አፈሩ ፈሳሹን አጣርቶ ጀርሙን እንዲያስቀርበት ነው። መሬቱ ስንጥቅ ዐለት ከሆነ ግን ማጣራት የሚባል ነገር ስለሌለ 30 ሜትርም በቂ ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል ከመኖሪያ ቤት ከ50 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። በጨለማ የማይደረስበት መጸዳጃ ለሴቶችና ለሕፃናት የሌለ ያህል ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ወደ ጫካ የምትወጣ ሴት የምትፈራው አውሬ ብቻ አይደለም።

ዋልካ መሬት ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ያልተደገፈ ጉድጓድ በውስጡ አንድ ክረምት መሻገሩ ያጠራጥራል። እንዲህ ባለ መሬትም ሆነ በአሸዋማ አፈር ጉድጓዱ እስከ ግርጌው መደገፍ አለበት። በመተከልና በአሶሳ አካባቢ እንደ ልብ የሚገኘው የቆላ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ በጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ጥሩ ድጋፍ ይሆናል፤ ዕድሜው ግን አጭር መሆኑን ማወቅ ያሻል። ድንጋይ ባለበት ድንጋይ ይሻላል። ሲካብ በታችኛው ክፍል በድንጋዮቹ መካከል ጭቃም ሆነ ሲሚንቶ አይገባም፤ ፈሳሹ የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና። የላይኛው ግማሽ ሜትር ግን በማንኛውም አፈር ላይ በሲሚንቶ ተይዞ ጥብቅ ሆኖ መሠራት አለበት። ቅርጹም ክብ ይሁን። አራት ማዕዘን ጉድጓድ ከማዕዘኑ ይናዳል፤ ክቡን ግን አፈሩ ራሱ ዙሪያውን ተደጋግፎ ይይዘዋል። የእህል ጉድጓድ የሚቆፍር ገበሬ ይህን ከመሐንዲስ አልተማረውም።

ወለሉ፣ ክዳኑና የአየር ማስወጫው

በመጸዳጃ ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው የወለል መደርመስ ነው። ወለሉ ከእንጨት ከሆነ ጠላቱ ሁለት ነው፤ ከታች የሚወጣው እርጥበትና ምስጥ። በምዕራብ ወለጋ ምስጥ ሰብልና የቤት ምሰሶ የሚያጠፋ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የመጸዳጃ ወለል አይምርም። ወይራና ጥድ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ይቋቋማሉ፤ ዛሬ እንደ ልብ የሚገኘው ግን ባሕር ዛፉ ነው። እንጨቱን ከመደርደር በፊት በተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ዕድሜውን ያራዝማል። ከሁሉ በላይ በየሦስት ወሩ፣ በተለይም ክረምት እንደወጣ፣ ወለሉን የሸፈነውን ጭቃ ገለጥ አድርጎ እንጨቱን በመጥረቢያ እጀታ መምታት ይገባል። ደኅና እንጨት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ካጠራጠረ በዚያው ዕለት አገልግሎቱን ማቆም ነው። ነገ እጠግነዋለሁ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

አቅም ከተገኘ የሲሚንቶ ወለል ይመረጣል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሞዛምቢክ የተስፋፋው ብረት የማይገባበት ወለል እንደ ምጣድ አክንባሎ መሐሉ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ሸክሙ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ለብረት የሚወጣውም ገንዘብ ይተርፋል። የሲሚንቶ ወለል ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት መቸኮል ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ውሃ በመጠጣት ነው። ስለዚህ ከተሞላ በኋላ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ መርጨት ያሻል። በድርቅ አካባቢ ለዚህ የሚሆን ውሃ ማግኘት እንደሚያስቸግር የታወቀ ነው፤ እጅ የታጠቡበትና ዕቃ የታለቀለቀበት ውሃ ለጆንያው ይበቃል። ቀዳዳው ከ18 ሴንቲ ሜትር በላይ መስፋት የለበትም፤ ከዚያ ከሰፋ ሕፃን ያሾልካል። ወለሉ ከዙሪያው መሬት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከላይ በኩል ለጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣለት።

በቀላል ጉድጓድ ላይ ክዳን የግድ ነው። እጀታ ያለው የእንጨት ክዳን ዝንብ እንዳይገባና እንዳይወጣ ይከላከላል። ሰው በእጁ ማንሣቱን ስለሚጸየፍ ክፍቱን ይተወዋል፤ እጀታውን ቆሞ ለማንሣት በሚበቃ ቁመት መሥራት ይህን ያቃልላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው መጸዳጃ፣ ማለትም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ዚምባብዌ በብሌር የምርምር ላቦራቶሪ ፒተር ሞርጋን የነደፈው ዓይነት፣ ክዳን አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ክዳኑ ሥራውን ያበላሽበታል። በዚህ ዓይነቱ መጸዳጃ ነፋስ በቱቦው ጫፍ ላይ ሲያልፍ ከጉድጓዱ ውስጥ አየር ይስባል፤ ንጹሕ አየር በቀዳዳው በኩል ይገባል፤ ሽታው በቱቦው ይወጣል። ቤቱ ውስጡ ጨለም ያለ እንዲሆን ይደረጋል። ዝንብ ወደ ብርሃን ስለሚሄድ በቱቦው ወጥቶ ጫፉ ላይ በተሰፋው ወንፊት ተይዞ ይሞታል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ጣራው ቀዳዳ ሆኖ ብርሃን ካስገባ፣ በሩ ወልቆ ከቀረ፣ ወይም ወንፊቱ ከተቀደደ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው። ወንፊቱ የሚሠራው ከጉድጓዱ ከሚወጣው ጋዝ የተነሣ ቶሎ ከማይዝግ ነገር ይሁን። ተራ የብረት ሽቦ ብዙ ሳይቆይ ተበልቶ ይረግፋል፤ ማንም ቀና ብሎ ስለማያይ መርገፉ አይታወቅም። ቱቦው ከጣራው ጫፍ ግማሽ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ሸረሪት በውስጡ ድሩን እያደራ አየሩን ስለሚዘጋ በዓመት አንዴ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ማፍሰስ ድሩን ያጥበዋል።

የዕለት አያያዝ

ጸሐፊው በአንድ የሠፈራ መንደር ሲዘዋወር በጥሩ ቆርቆሮ የተሠራ፣ ቁልፍ የተንጠለጠለበት መጸዳጃ አይቶ ተደስቶ ነበር። ሲከፈት ውስጡ እስከ ጣራው በማሽላ ጆንያ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ አዛውንት ሲጠየቁ፣ «ልጄ፣ ጎጆዬ ታፈሳለች፤ ይህ ግን ቆርቆሮ ለብሷል። እህሉን የት ላድርገው?» ሲሉ መለሱ። መልሳቸው የሚያስነቅፋቸው አይደለም። መጸዳጃው የተሠራው ለቤተሰቡ ሳይሆን ለሪፖርት ነበር፤ በቁጥር ገብቷል፣ በአገልግሎት ግን አልገባም። የመጸዳጃን ቁጥር የሚመዘግብ ሠራተኛ ወደ መጸዳጃው የሚወስደውን መንገድ ቢመለከት የተሻለ ማስረጃ ያገኛል፤ የተረገጠ መንገድ አይዋሽም።

በጋራ የሚሠራ መጸዳጃ በመጠለያ የመጀመሪያ ሳምንታት የማይቀር ነው። በዚያ ጊዜ ለ50 ሰው አንድ፣ ሁኔታው ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ የሚለው መለኪያ በእርዳታ ሥራ ላይ የሚታወቅ ነው። ይሁን እንጂ የሁሉም የሆነ መጸዳጃ የማንም አይሆንም። ለሦስት ወይም ለአራት ጎረቤታሞች ተሰጥቶ ቁልፉ በየቤቱ የተያዘው ንጹሕ ሆኖ ሲቆይ ለመንደሩ ሁሉ የተተወው በጥቂት ሳምንት ውስጥ የማይገባበት ይሆናል። ስለዚህ ገና በመጠለያ እያሉም ቢሆን በጎረቤታሞች መደልደል ይሻላል።

ጽዳቱ በተለምዶ በእናትና በሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ወለሉን መጥረግ አጭር ሥራ ነው፤ ነገር ግን ውሃውን ከሩቅ ተሸክማ የምታመጣው፣ ወለሉንም የምታጥበው፣ አመዱንም ከምድጃ የምታወጣው አንዲት ሴት ከሆነች ሥራው አንድ ቀን መቅረቱ አይቀርም። አባወራው ጉድጓዱን ቆፍሮ ግዴታውን እንደፈጸመ አድርጎ ማሰቡ ተገቢ አይመስለንም። ጥገናው፣ የወለሉ ፍተሻና የቦዩ ጠረጋ የርሱ ድርሻ ይሁን።

«የሕፃን ዓይነ ምድር ጉዳት የለውም» የሚለው እምነት በብዙ ቦታ ይሰማል። እንዲያውም ወስፋትና የተቅማጥ ጀርም በብዛት የሚገኘው በሕፃናቱ ዘንድ ነው። የሕፃኑ ወዲያው ተነሥቶ ወደ ጉድጓዱ ይጨመር። ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ የምታዛምተው የዝንብ ዝርያ እንቁላሏን የምትጥለው በመሬት ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ስለሆነ፣ ከጓሮ የተተወው የሕፃን ጉዳይ ተመልሶ በዚያው ሕፃን ዓይን ላይ ያርፋል።

ከመጸዳጃው በር ላይ እጅ መታጠቢያ ይኑር። አንድ ትንሽ ጀሪካን አንገቱ አጠገብ ተበስቶ በእንጨት ላይ ቢንጠለጠል፣ በገመድ ከእግር መርገጫ ጋር ቢያያዝ፣ በጣም ጥቂት ውሃ ብዙ እጅ ያስታጥባል። ሳሙና ከሌለ አመድ ይበቃል።

ጉድጓዱ ሲሞላ

ይዘቱ ከወለሉ በታች ግማሽ ሜትር ሲቀረው አገልግሎቱ ይቁም። ጥቂት ይገፋልኛል ብሎ መቀጠል በክረምት ወደ ውጪ እንዲገነፍል ያደርገዋል። የላይኛው ግማሽ ሜትር በአፈር ተሞልቶ ይደልደል፤ ወለሉና ቤቱ ወደ አዲሱ ጉድጓድ ይዛወሩ።

እዚህ ላይ ከምንም በላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ለመጥረግም ሆነ የወደቀ ዕቃ ለማውጣት ማንም ሰው ወደ ተገለገሉበት ጉድጓድ አይውረድ። ከብላሎቱ የሚወጣው ጋዝ በጉድጓዱ ውስጥ ይታመቃል፤ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል። መጀመሪያ ላይ የሚሸተው ሽታ በኋላ የማይሰማ መሆኑ አየሩ ተሻለ ማለት አይደለም፤ ጋዙ የማሽተት ኃይልን ስለሚያደነዝዝ ነው። እንዲህ ያለው አደጋ በደረሰባቸው ቦታዎች ደጋግሞ የታየው አንድ ሰው ወርዶ ሲወድቅ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ሊያወጣው ተከትሎ መውረዱና ሁለተኛ ሬሳ መሆኑ ነው። ስለዚህ የወደቀውን በገመድና በሜንጦ ከላይ ሆኖ ከመሳብ በቀር ተከትሎ መውረድ ክልክል ነው።

የተዘጋው ጉድጓድ ግን የጠፋ ሀብት አይደለም። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይነካ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ ይዘቱ ወደ ጥቁር፣ ሽታ የሌለው አፈር ስለሚለወጥ ለማዳበሪያ ሊወጣና ጉድጓዱም እንደገና ሊያገለግል ይችላል። መቆፈሩ የሚያስቸግር ከሆነ በላዩ ላይ ዛፍ መትከል ነው። በቆላው ሙዝና ፓፓያ በዚህ ቦታ ፈጥነው ያድጋሉ፤ ካሮትና ድንች የመሳሰሉት ከአፈር ተነቅለው የሚበሉ ግን አይተከሉበት። በየቤቱ ሁለት ጉድጓድ ለይቶ በየተራ መጠቀም ቦታ ላነሰው መንደር የሚስማማ ዘዴ ነው። ይህ እንዲሆን ጉድጓዱ የተዘጋበት ወርና ዓመት በአቅራቢያው ባለ ድንጋይ ወይም በቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ሁለት ዓመቱ መሙላት አለመሙላቱን በአፍ ብቻ ከሚያስታውስ ቤተሰብ ውስጥ ዘወትር ሁለት የተለያየ ቀን የሚናገሩ ሰዎች አይጠፉምና።